ፍርሃትና አደጋ፤ ስለ ጨዋታ ባቡርና ስለ ገዳሪፍ የጭነት መኪና

ሰው የሚፈራውና ሰውን የሚጐዳው ነገር ሁልጊዜ አንድ አይደለም። ብዙ ጊዜ የፈራነው ሳይነካን ያልፋል፤ ያልፈራነው ግን በመንገድ ቆይቶ ይጥለናል። ይህን የቆየ እውነት እንደ አዲስ ያሳሰበኝ በምሥራቅ ሱዳን፣ በገዳሪፍ ከተማ በመኪና ማቆሚያ ሜዳ ላይ ያየሁት አንድ ትንሽ ነገር ነው። ነገሩ አስተዳዳሪዎችንም ነጋዴዎችንም የሚመለከት መስሎ ስለ ታየኝ፣ አንባብያን ጥቂት ጊዜ ሰጥተው ያስቡበት ዘንድ ላቀርበው ወደድሁ።

ገዳሪፍ ለንግድ ሰዎቻችን እንግዳ ስም አይደለም። ቀድሞ ሱቅ አቡ ሲን ይባል የነበረው ይህ ከተማ የዛሬ ስሙን ያገኘው፣ ገዝቶና ሸጦ የጨረሰ ይሂድ ከሚል የዐረብኛ አነጋገር ነው ይባላል። ከወደ ባሕር የሚመጣው ምድር ባቡር በ1924 እ.ኤ.አ. ከሰላ ደረሰ፤ ከዚያም በገዳሪፍ አልፎ በ1929 ከሰናር ጋራ ተገናኘ። በ1940ዎቹ ደግሞ በዙሪያው ባለው ጥቁር መሬት ላይ በትራክተር የሚታረስ ሰፊ የማሽላ እርሻ ተጀመረ። ከዚያ ወዲህ ክረምቱ አልፎ አፈሩ ሲደርቅ፣ ማሽላውና ሰሊጡ ሲደርስ፣ ከደጋው አገር ብዙ የቀን ሠራተኛ ወደ መተማና ወደ ሑመራ ይወርዳል፤ ከእነርሱም ድንበሩን ተሻግሮ እስከ ገዳሪፍ የሚዘልቀው ጥቂት አይደለም።

በ2023 እ.ኤ.አ. በሱዳን ጦርነት ከመነሣቱ ጥቂት ዓመታት በፊት፣ በኅዳር ወር መጨረሻ፣ ወደ ጋላባት የሚወርዱት የጭነት መኪናዎች በሚሰለፉበት ሜዳ ተራዬን እጠብቅ ነበር። በአጠገቤ የአጨዳ ሥራቸውን ፈጽመው ወደ አገራቸው የሚመለሱ የጎንደር ልጆች በአንድ ስልክ ዙሪያ ተሰብስበዋል። ጠጋ ብዬ ብመለከት፣ በስልኩ ላይ የሚታየው ተንቀሳቃሽ ሥዕል በውጭ አገር መናፈሻ ውስጥ የሚሮጥ የጨዋታ ባቡር ነበር። ባቡሩ እንደ ፎቅ ቤት ከረዘመ ኮረብታ ጫፍ ቁልቁል ይወረወራል፤ ተሳፋሪዎቹም እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ይጮኻሉ። ሻይ የሚያዞረው ሱዳናዊ ልጅ አንገቱን አስግጎ አየና «ቂጣር አልመውት» አለ፤ የሞት ባቡር ማለቱ ነው። ከሠራተኞቹ አንዱ፣ ዕድሜው ከሃያ የማይበልጥ፣ ወደ እኔ ዞሮ «ጋሼ፣ እኔስ ወርቅ ቢሰጡኝ እዚህ ላይ አልወጣም» አለኝ።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ መኪናችን ተጭኖ አለቀ። የማሽላው ጆንያ ከሾፌሩ ጋቢና በላይ ከፍ ብሎ ተከምሮ በገመድ ታስሯል። ያ ወርቅ ቢሰጡኝ አልወጣም ያለው ልጅ በገመዱ ተንጠላጥሎ፣ ከጓደኞቹ ጋራ ከክምሩ ጫፍ ላይ ወጣ። ከላይ ሆኖም «አባባ፣ ምኑን ልያዝ?» ሲል ሾፌሩን ጠየቀ። ሽማግሌው ሾፌር ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ «ጓደኛህን ያዝ» አለው። ሁሉም ሣቁ፤ እኔም ሣቅሁ። እኔ ግን የተቀመጥሁት ጋቢናው ውስጥ ነበር።

የሞት ባቡር በሚባለው ላይ የሚወጣ ሰው በብረት ታጥቆ ይቀመጣል፤ ማንም በሞት ስም በማይጠራው የጭነት መኪና ላይ የሚወጣው ግን የሚይዘው ጓደኛውን ነው። ይህ ለምን ሆነ? ነገሩን ከታሪክና ከሕግ እየመረመርሁ ብከታተለው መልሱ ወደ አንድ ጥያቄ መራኝ፤ ይኸውም ለተሳፋሪው ነፍስ የሚጠየቀው ማን ነው የሚል ነው።

አስቀድሞ ስለ ስሙ ጥቂት ልበል። ቃል መተርጐም ሥራዬ ስለሆነ ስም ሳያስደንቀኝ አያልፍም። ጣሊያኖች ይህን መሣሪያ «የሩሲያ ተራሮች» ይሉታል። ሩሲያውያን ራሳቸው ደግሞ «የአሜሪካ ኮረብቶች» ብለው ይጠሩታል። ዐረቦች እንደ ሰማነው «የሞት ባቡር» ይሉታል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ሮለር ኮስተር ይሉታል፤ በአማርኛ ገና የጸና ስም ስላልወጣለት በዚህ ጽሑፍ የጨዋታ ባቡር እንለዋለን። ሁሉም ፍርሃቱን ከቤቱ አርቆ፣ አንዱ ወደ ሌላው አገር፣ አንዱም ወደ መቃብር እንደ ላከው ልብ ይሏል።

የነገሩ መነሻ በረዶ ነው። በሩሲያ፣ በሴንት ፒተርስበርግ አካባቢ፣ በክረምት ከእንጨት ከፍ ያለ መውረጃ ሠርተው ውሃ እያፈሰሱበት፣ ውሃው ሲጋገር በላዩ ይንሸራተቱ ነበር። ሐሳቡ ወደ ፈረንሳይ ተሻገረና በ1817 በፓሪስ መንኰራኵር ባላቸው ሰረገላዎች የሚወረድባቸው የመዝናኛ መንገዶች ተከፈቱ፤ ሰረገላው ከመንገዱ እንዳይወጣም መያዣ ተበጀለት። በአሜሪካ በፔንሲልቬንያ በ1827 የድንጋይ ከሰል ከተራራ ለማውረድ የተሠራው የማውክ ቸንክ ሐዲድም ኋላ ሰው ለደስታው የሚሳፈርበት ሆነ። በ1884 ላማርከስ ቶምሰን የተባለ ሰው በኒው ዮርክ ዳርቻ፣ በኮኒ አይላንድ፣ አንድ የጨዋታ ባቡር አቁሞ በ5 ሳንቲም ያሳፍር ጀመር። ፍጥነቱ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለ ነበረ፣ ተገርፎ የሮጠ አህያ ይቀድመው ነበር።

ከዚህ ዝግተኛ ጨዋታ ዛሬ የገዳሪፉን ልጅ ወዳስፈራው ሩጫ የተደረሰው በሰዎች ድፍረት ብቻ አይደለም። ድፍረቱ የመጣው መያዣው ከጠነከረ በኋላ ነው። ሰረገላ በፍጥነት ወጥቶ የኮረብታውን ጫፍ ሲሻገር ወደ ፊት መብረር ይወዳል። መንኰራኵሩ ከሐዲዱ በላይ ብቻ ከሆነ ሰረገላው ተነሥቶ ይወድቃል። ስለዚህ የጥንቱ ሠራተኞች ኮረብታውን ዝቅ፣ ቁልቁለቱን ለዘብ አድርገው መሥራት ግድ ሆኖባቸው ነበር። ጆን ሚለር የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ግን በ1919 ከሐዲዱ በታች ገብቶ ሰረገላውን ወደ ታች የሚይዝ ሌላ መንኰራኵር አወጣ። ዛሬ እያንዳንዱ ሰረገላ ከሐዲዱ በላይ፣ ከጎኑና ከሥሩ የሚሄዱ መንኰራኵሮች አሉት። ያ ከሥር የማይታየው መንኰራኵር ከተገኘ በኋላ ኮረብታው ከፍ፣ ቁልቁለቱም ገደል መሰለ። እንግዲህ ጥንቃቄ ጨዋታውን ያበረደው የሚመስለው ሰው ይሳሳታል፤ ጨዋታውን ያበረታው እርሱ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ይህን ከሌላ ወገን ያሳያል። በ1895 በዚያው በኮኒ አይላንድ ሰውን ዘቅዝቆ የሚያዞር ባቡር ተሠራ። የሚዞርበት ቀለበት ልክ እንደ ወንፊት ክፈፍ ክብ ነበር። ክብ ለዐይን ያማረ ቢሆንም ለአንገት ክፉ ነው። በክብ ቀለበት ውስጥ ሰረገላው ከአናቱ ላይ እንዳይወድቅ የሚበቃ ፍጥነት ይዞ ከገባ፣ ከታች በሚገባባት ቅጽበት ተሳፋሪውን የገዛ ክብደቱ ስድስት እጥፍ ያህል ይጫነዋል። ነጋዴ በሚያውቀው ሚዛን እንናገር ብንል፣ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በዚያች ቅጽበት ከሦስት ኩንታል ተኩል በላይ ይሆናል። ይህም ሸክም ቀስ ብሎ የሚመጣ ሳይሆን እንደ መዶሻ በድንገት የሚወርድ ስለ ሆነ፣ የብዙ ተሳፋሪ አንገትና ጀርባ ታመመ፤ መሣሪያውም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቀረ። በ1901 ሞላላ ቀለበት ቢሞከርም በአንድ ጊዜ የሚያሳፍረው ሰው ጥቂት ስለ ነበረ ብዙ ትርፍ አላስገኘም። ከዚያ በኋላ ዘቅዝቆ የሚያዞር ባቡር ለብዙ ዐሥርት ዓመታት እንደ ጠፋ ቀረ።

የተመለሰው በ1970ዎቹ ነው። ጀርመናዊው መሐንዲስ ቬርነር ሽተንግል በ1976 በካሊፎርኒያ ለተከፈተ ባቡር ያወጣው ቀለበት ክብ አልነበረም፤ ከታች ሰፊ፣ ወደ ላይ ሲወጣ እየጠበበ የሚሄድ፣ የተገለበጠ የውሃ ጠብታ የሚመስል ነበር። እንዲህ ያለው ቀስ በቀስ የሚጠብ መታጠፊያ ለምድር ባቡር መሐንዲሶች ከዚያ በፊት የታወቀ ነበር፤ ባቡሩ ከቀጥታው ሐዲድ ወደ ጠምዛዛው ሲገባ ተሳፋሪው እንዳይናጥ ይሠሩበት ነበርና። በዚህ ቅርጽ የተሠራው ባቡር ሰውን ዘቅዝቆ ያዞራል፤ ተሳፋሪውም እንደ ድሮው ይጮኻል፤ ነገር ግን አንገቱን ይዞ ወደ ሐኪም አይሄድም። ጩኸቱ ቀርቶ ሳይሆን ጉዳቱ ቀርቶ ተመለሰ ማለት ነው።

ከልክ ማለፍ ምን እንደሚያመጣም ታይቷል። በካናዳ፣ በክሪስታል ቢች፣ በ1927 የተከፈተው ሳይክሎን የተባለው ባቡር እጅግ የሚያንገላታ ከመሆኑ የተነሣ በመሳፈሪያው ሥፍራ ነርስ ቆማ ትጠብቅ ነበር። በ1938 አንድ ሰው ከእርሱ ወድቆ ሞተ፤ በ1946 መሣሪያው ፈረሰ። ነርስ ማቆም በጎ ሐሳብ ነው። ነገር ግን ቁስለኛን በደጃፍ ተቀብሎ ለማከም መዘጋጀት ሌላ፣ እንዳይቈስል ማድረግ ሌላ መሆኑን ይህ ባቡር ያስተምራል።

አሁን ወደ ሕጉ እንለፍ። በ1929 በኒው ዮርክ ከፍተኛ ፍርድ ቤት አንድ ክርክር ቀርቦ ነበር። ከሳሹ ወጣት በኮኒ አይላንድ በሚንቀሳቀስ ቀበቶ ላይ ለመጫወት ወጥቶ ወደቀና ጉልበቱ ተሰበረ። ዳኛው ቤንጃሚን ካርዶዞ፣ በግልጽ የሚታይና ከጨዋታው የማይለይ አደጋ ያለበትን ነገር ዐይቶ የገባ ሰው ያን አደጋ ወድዶ እንደ ተቀበለ ይቈጠራል ብለው ከሳሹን ረቱት። ነገሩ ከሰባ ዓመታት በላይ ቆይቶ በሌላ ክፍለ አገር ሌላ መልክ ያዘ። በ2005 የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ የጨዋታ ባቡር ባለቤት እንደ ማንኛውም ሰው አመላላሽ ይቈጠራል፤ ስለዚህ ለተሳፋሪው ደኅንነት ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ ማድረግ ይገባዋል ሲል ፈረደ። የመጀመሪያው ፍርድ ፈርተህ አትግባ ይላል፤ ሁለተኛው ግን ገብቶ የሚፈራውን ሰው አንተ ጠብቀው ይላል። ተሳፋሪው ፍርሃትን ገዛ እንጂ ስብራትን አልገዛም ማለት ነው።

በእነዚህ ዓመታት መካከል መሐንዲሶቹና ባለመናፈሻዎቹም በአሜሪካ በ1978 የጋራ ኮሚቴ አቋቁመው ደንብ ይጽፉ ጀመር፤ በአውሮፓም የዚሁ ዓይነት ደንብ ወጥቷል። በዚህ ደንብ ውስጥ የሚለካው የኀይሉ ብዛት ብቻ አይደለም፤ የሚቆይበትም ጊዜ ነው። ሰውነት ለአንዲት ሴኮንድ የሚችለውን ሸክም ለዐሥር ሴኮንድ አይችለውምና። ደግሞም ኀይሉ ከላይ ወደ ታች፣ ከጎን ወይም ከፊት ሲመጣ ልኩ ይለያያል። የኢንሹራንስ ኩባንያ ባለቤቱን ሲዋዋል፣ መሣሪያው በዚህ ልክ ተሠርቶአል ወይ፣ ማንስ መርምሮታል ብሎ ይጠይቃል። ስለዚህ መሐንዲሱ ወረቀቱን ገና ሲዘረጋ፣ ጠበቃውና የኢንሹራንስ ሰዉ በማይታይ ወንበር ከአጠገቡ ተቀምጠዋል።

ይሁን እንጂ ደንብ በመጻፉ ብቻ ሰው አይድንም። በለንደን፣ በባተርሲ መናፈሻ፣ በግንቦት ወር 1972 እ.ኤ.አ. ሰረገላዎቹን ወደ ኮረብታው የሚጎትተው ገመድ ተበጠሰ፤ ወደ ኋላ እንዳይመለሱ ማድረግ የነበረበት መያዣም ሳይሠራ ቀረ፤ አምስት ልጆች ሞቱ። ሥራ አስኪያጁና መሐንዲሱ በሰው መግደል ተከስሰው ነጻ ቢለቀቁም፣ የመናፈሻው ጨዋታ በ1974 ተዘጋ። በሰኔ 2015 እ.ኤ.አ. ደግሞ በእንግሊዝ አገር በአልተን ታወርስ፣ ስማይለር የተባለው ባቡር 16 ሰዎች ጭኖ፣ መንገድ ላይ ቆሞ የነበረ ባዶ ባቡር ገጨ። በዚህ አደጋ ሁለት ወጣት ሴቶች እግራቸውን አጡ። በሚቀጥለው ዓመት ፍርድ ቤት ባለቤቱን ኩባንያ 5 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጣ።

የስማይለር ነገር በተለይ ለአስተዳዳሪ ትልቅ ትምህርት አለው። የጨዋታ ባቡር መንገድ እንደ ምድር ባቡር መሥመር በክፍል በክፍል የተከፈለ ነው፤ በአንዱ ክፍል ውስጥ ባቡር ሳለ ሌላው እንዳይገባ መሣሪያው ራሱ ያቆመዋል። በዚያ ቀንም መሣሪያው ሥራውን ሠርቶ ባቡሩን አቁሞ ነበር። ሠራተኞቹ ግን የቆመውን ባዶ ባቡር ልብ ሳይሉ ቀሩና፣ መሣሪያው የተሳሳተ መስሏቸው እግዱን በእጃቸው አንሥተው ባቡሩን ለቀቁት። ማሽኑ አልሳተም፤ ተው ሲለው የማይሰማ ሰው ሳተ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚለው ተረታችን ለዚህ የሚስማማ ነው፤ እዚያ ግን የፈሰሰው የማይለቀም ነበር።

ወደ ገዳሪፍ መንገድ እንመለስ። ከገዳሪፍ በዶካ በኩል ጋላባት ድረስ ያለው መንገድ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከጋላባት ድልድዩን ሲሻገሩ አፄ ዮሐንስ በ1889 እ.ኤ.አ. የወደቁባት መተማ ናት። ዋናው መንገድ አስፋልት ቢሆንም፣ ከእርሻው እስከ ዋናው መንገድ ያለው ጥቁር አፈር በክረምት ጭቃ፣ በበጋ ስንጥቅና ጉድባ ነው። መኪናው በፍጥነት ሄዶ አንድ ጉድባ ሲዘል፣ በጆንያው ላይ ያለው ሰው በጨዋታው ባቡር ኮረብታ ጫፍ ላይ የሚሆነውን ያንኑ ይሆናል፤ መኪናው ከሥሩ ይወርዳል፤ እርሱ ለቅጽበት በአየር ላይ ይቀራል። ልዩነቱ በጨዋታው ባቡር ላይ ከሥር የሚይዝ መንኰራኵር፣ ከላይም የሚይዝ ብረት አለ፤ በጆንያው ላይ ግን የጆንያ ገመድ ብቻ አለ፤ ያም ገመድ የታሰረው ለማሽላው ነው።

ፍጥነትም እንደዚሁ ነው። መኪና ፍጥነቱን ከ40 ወደ 80 ኪሎ ሜትር ሲያሳድግ፣ ፍሬን ተይዞ እስኪቆም የሚፈጀው ርቀት እጥፍ ብቻ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል። የጨዋታው ባቡር መሐንዲስ ይህን ሒሳብ አስቀድሞ በወረቀት ይጨርሰዋል፤ ሾፌራችን ግን የሚያሰላው ፍየል መንገድ ውስጥ ከገባች በኋላ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይህ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ያሳዘነኝ ግን በኬላው ላይ የታየኝ ነገር ነው። የጭነቱ ወረቀት ሲመረመር ጆንያው ስንት እንደ ሆነ፣ ምን ያህል እንደሚመዝን፣ የማን እንደ ሆነና ለማን እንደሚደርስ ሁሉ ተጽፎአል። አንድ ጆንያ ቢጐድል የሚጠይቅ ባለቤት አለው። በጆንያው ላይ የተቀመጡት ሰዎች ግን ስማቸውም ቁጥራቸውም በማንኛውም ወረቀት ላይ አልነበረም። ማሽላው ተቈጠረ፤ ሰው አልተቈጠረም። ከመንገድ ከእነርሱ አንዱ ወድቆ ቢቀር ኖሮ፣ መጥፋቱን የሚያውቀው ያ ያልያዘው ጓደኛው ብቻ ነበር።

ሕግ የለም ማለቴ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 የመኪና ባለቤት፣ ሌላ ሰው ቢነዳውም እንኳ፣ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኀላፊ ነው ይላል። በአዋጅ ቁጥር 559/2000 ዓ.ም. ባለመኪና ሁሉ ለሦስተኛ ወገን ጉዳት ኢንሹራንስ እንዲገባ ግዴታ ሆነ፤ ይህም አዋጅ በቁጥር 799/2005 ዓ.ም. ተተካ። ድንበር ለሚሻገር መኪናም በ1986 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ በተፈረመ ፕሮቶኮል የተቋቋመው፣ ዛሬ የኮሜሳ ቢጫ ካርድ የሚባለው ዋስትና አለ፤ ካርዱ መኪናው በሚደርስበት አገር ሕግ መሠረት ለሚያደርሰው ጉዳት የሚከፍል ነው።

ነገር ግን በድንበር ላይ ኀላፊነት በቀላሉ ይጠፋል። መኪናው የአንዱ፣ ጭነቱ የሌላው፣ ሾፌሩ የወዲያኛው አገር ዜጋ፣ ተሳፋሪው የወዲህኛው፣ የወደቀበትም ሥፍራ ከሁለቱ ኬላዎች መካከል ሲሆን፣ ባለመኪናው ሾፌሩን፣ ሾፌሩ ተሳፋሪውን፣ ባለጭነቱም ሁለቱን ያመለክታል። በበጋ የተሰነጠቀው ጥቁር አፈር ውሃን እንደሚውጥ፣ ኀላፊነቱ በእነዚህ ሰዎች መካከል ባለው ስንጥቅ ገብቶ ይቀራል። በሚያዝያ 2023 እ.ኤ.አ. ጦርነቱ ከተነሣ በኋላ በዚሁ መንገድ ብዙ ሕዝብ ሸሽቶ ወደ መተማ ሲሻገር፣ የስምና የቁጥር ነገር ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ይበልጥ ታይቷል፤ በሰላም ጊዜ ሰውን ያልቈጠረ መንገድ በጭንቅ ጊዜ ሊቈጥር አይችልምና።

አንዳንድ ነጋዴ፣ በጭነት ላይ ሰው እንዳይወጣ ከተከለከለ ድኻው ሠራተኛ በምን ይሄዳል? ይል ይሆናል። ጥያቄው ትክክለኛ ነው። ሠራተኛው በጆንያ ላይ የሚወጣው ወድዶ ሳይሆን ርካሽ ስለ ሆነ ነው። ሌላ ሳያዘጋጁ መከልከል ብቻ ቢሆን፣ ከኬላው በፊት ይወርድና በጫካ ዞሮ ከኬላው በኋላ ይሳፈራል፤ ስለዚህ አደጋው አይቀርም፤ ከዐይን ይሰወራል እንጂ። እንዲሁም በመኪናው ጎን ላይ «በጭነት ላይ የሚወጣ በራሱ ኀላፊነት ነው» ብሎ መጻፍ ባለቤቱን ያጽናናው እንደ ሆነ እንጂ ተሳፋሪውን አያድነውም። ባለመናፈሻዎቹም እንዲህ ያለውን ማስታወቂያ ሞክረዋል፤ ሰረገላውን ከሐዲዱ ላይ የያዘው ግን ጽሑፉ ሳይሆን ከሥር ያለው መንኰራኵር ነው።

እንግዲህ ከጨዋታው ባቡር ለገዳሪፍና ለመተማ መንገድ የሚሆን ምክር እናውጣ ብንል፣ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቁ ነገሮች ይገኛሉ። አንደኛ፣ የአጨዳ ሠራተኛ የሚቀጥሩ ባለእርሻዎችና ነጋዴዎች መሄጃውንና መመለሻውን ከደመወዙ ጋራ አስበው፣ ወንበር ያለው አውቶቡስ በኅብረት ቢከራዩ፣ ለእያንዳንዱ ኩንታል የሚደርሰው ወጪ ጥቂት ነው። ሁለተኛ፣ የኬላ ሹሞች የጆንያውን ቁጥር እንደሚጽፉ የሰዉንም ስምና ቁጥር ይጻፉ፤ ተጽፎ የሄደ ሰው ሳይደርስ ቢቀር የሚጠይቅለት አለውና። ሦስተኛ፣ መኪናው ከመነሣቱ በፊት ፍሬኑንና ጎማውን የሚያይ ሰው ይኑር፤ ያም ሰው አይሄድም ሲል፣ ጭነቱ ቢዘገይም፣ ቃሉን የሚሽር አይኑር። የስማይለር አደጋ የደረሰው እግድ ስላልነበረ ሳይሆን እግዱ በችኮላ ስለ ተነሣ ነው። አራተኛ፣ የኢንሹራንስ ኩባንያዎች አደጋ ያላደረሰውን ባለመኪና በዋጋ ይለዩት፤ ጥንቃቄ ትርፍ እንዳለው ነጋዴ በሒሳቡ ሲያየው ከማንኛውም ስብከት ይልቅ ይሰማልና።

የእኔ ጉዞ ያለ አደጋ ተፈጸመ። ከዶካ ወዲህ መኪናው አንድ ጉድባ ሲዘል ከላይ የብዙ ሰው ጩኸት ሰማሁ፤ ሾፌሩ ግን ፍጥነቱን አልቀነሰም። ጋላባት ስንደርስ ያ ልጅ ከክምሩ ላይ ወርዶ የማሽላውን ገለባ ከፀጉሩ አራገፈና «ደረስን እኮ፣ ጋሼ» አለኝ። ስንት ሆነው እንደ ወጡ ጠየቅሁት። በጣቱ ጓደኞቹን አንድ ሁለት እያለ ቈጠረና «ሙሉ ነን» አለኝ።

በዚያ ሁሉ መንገድ ሰዎቹን የቈጠረ እርሱ ብቻ ነበር። ይህን ቈጠራ ከልጁ ጣት ወደ ኬላው መዝገብ ማዛወር የአስተዳዳሪውና የነጋዴው ፈንታ ነው።